ሁለት ጊዜ ባንዳ

የመርካቶው ሰባተኛ የሚነቃው በጫኝና አውራጆች ድምፅ ነው። አንድ አይሱዙ ከነጭነቱ ወደ መጋዘን ሲታጠፍ ሞተሩ ሳይጠፋ ይከበባል። ዋጋ በሩጫ ይጠራል፣ በሩጫ ይሰበራል። አንድ ቀን ጠዋት የተጣሉት የሁለት ወጣቶች ጉዳይም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ባልደረቦቹ ተመካክረው ከያዙት ዋጋ አንደኛው ዝቅ ብሎ ከባለዕቃው ጋር ተስማማ። ሌላው ትከሻው ላይ የነበረውን ጆንያ መሬት ላይ ጣለና አንዲት ቃል ተነፈሰ፦

«ባንዳ!»

ስድቡ ቦታውን አገኘ። ሌባ ቢሉት ስቆ የሚያልፍ የሚመስለው ልጅ ደም ሥሩ ተገታተረ፤ ሰዎች መሀል ባይገቡ ኖሮ ነገሩ በቃል አይበርድም ነበር። አጠገቤ የጀበና ቡና የሚጠጡ አንድ አዛውንት ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ተው ልጄ፣ እቺ ቃል ለገበያ አትሆንም። ደም አለባት» አሉት።

እውነታቸውን ነው። አማርኛ ከጣሊያን የተዋሳቸው ቃላት ብዙ ናቸው። አብዛኞቹም ሰላማዊ ናቸው፤ የግቢ በሩን ካንቼሎ፣ ዳቦውን ፉርኖ፣ ጎማ ጠጋኙን ጎሚስታ እንላለን፤ ማንም አይቀየምም። «ባንዳ» ግን ከመጣበት አፍ ሲወጣ ተራ ቃል ነበር። በጣሊያንኛ ቡድን፣ ጭፍራ ማለት ነው፤ ሙዚቃ የሚጫወትም ባንዳ ነው። ወራሪው ጦር ከአገሬው ሰው እየመለመለ ከመደበኛው ሠራዊት ውጭ ያሰለፋቸውን ታጣቂዎች በዚህ ስም ጠራቸው። እነዚያ ታጣቂዎች የገዛ ወንድማቸውን ቤት ሲያቃጥሉ ያየ ሰው ቃሉን ወሰደው፤ ትርጉሙንም ራሱ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ባንዳ ማለት ከሀዲ ነው።

ይህ ታሪክ በአገራቸው ቋንቋ ባንዳ ሊባሉ ይችሉ ስለነበሩ፣ በኋላ ደግሞ በጠላት አገር ተራራ ላይ ሌላ ባንዳ ገብተው አርበኛ ስለሆኑ ሰዎች ነው።

ለአገሬው የተለየ ሠፈር

ታሪኩን ከሰባተኛ መጀመሬ በስድቡ ምክንያት ብቻ አይደለም። የቆምንበት መሬት ራሱ የዚያው ዘመን ሥራ ነው።

የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ትልቅ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ሐበሻው፣ ሕንዱ፣ ዓረቡ፣ አርመኑና ግሪኩ እዚያ ይገበያያል። ለአዲሶቹ ገዢዎች ይህ መቀላቀል አልተዋጠላቸውም። ኢግናሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉት የከተማ ንድፍ ባለሙያዎች ያወጡት ፕላን ነጭና ጥቁር የሚኖሩበትን ለየ። አራዳ ለጣሊያኖች ሆኖ ፒያሳ ተባለ። የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ በቀጥ ያሉ መንገዶች በተሸነሸነ መሬት ላይ ሠፈረ። ስሙም «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ነበር፤ ከዚያ ስም ውስጥ ለእኛ የቀረው የመጀመሪያው ቃል ነው፤ መርካቶ።

ጣሊያኖቹ ያሰቡት ለዝቅተኛ ዘር የተለየ ሠፈር ነበር። አገሬው የሠራው የአገሪቱን የንግድ ልብ ነው። እንደ «ባንዳ» ሁሉ እዚህም ቃሉ የእነሱ፣ ትርጉሙ የእኛ ሆነ።

ለአገሬው የተለየ ሠፈር የሚለው ሐሳብ ግን በአዲስ አበባ ብቻ አልቀረም። ባሕር ተሻግሮ ናፖሊ ገባ።

የፋሲል መዋኛ በናፖሊ

ግንቦት 1 ቀን 1932 ዓ.ም. የኢጣሊያ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ ናፖሊ ላይ አንድ ግዙፍ ዐውደ ርእይ መርቀው ከፈቱ። ዓላማው ኢጣሊያ በባሕር ማዶ የያዘቻቸውን አገሮች ለሕዝቧ ማሳየት ነበር። ለምሥራቅ አፍሪካ በተሰጠው ክፍል የጎንደር ፋሲል መዋኛ አምሳያ ከነውኃው ተሠርቶ ቆመ፤ ዛሬም እዚያው አለ። በአምሳያው ዙሪያ ግን አምሳያ ያልሆነ ነገርም ነበር። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የተወሰዱ ከሃምሳ በላይ ሰዎች፣ ወንድ ሴት ሕፃን ሳይለይ፣ በተሠራላቸው «መንደር» ውስጥ እየኖሩ ለተመልካች ይታዩ ነበር። አብረዋቸው የጣሊያን አፍሪካ ፖሊስ አስካሪዎችም ነበሩ፤ ማለትም በእኛ አጠራር ባንዶች።

ትርኢቱ አንድ ወር ያህል ሆነው። ሰኔ 3 ቀን ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ፤ ዐውደ ርእዩ ተዘጋ። ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሄደ። የሚታዩት ሰዎች ግን መሄጃ አጡ። ስዊዝ የእንግሊዝ ናት፤ የመርከብ መንገድ የለም። የዘር ሕጉ ከነጭ ጋር እንዳይቀላቀሉ ስለሚከለክል በከተማው እንደልብ መንቀሳቀስም የለም። ትርኢቱ አለቀ፤ አጥሩ ቀረ።

በዚህ መሀል ነው የዘመኑ ትልቁ ምፀት የተፈጸመው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ናፖሊ አጥር ውስጥ የተቀመጡት ኢትዮጵያውያን አገራቸው ነፃ ወጥታ እነሱ ቅኝ ተገዢ ሆነው ቀሩ። ቆይቶም ታኅሣሥ 1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጀርመን፣ በኢጣሊያና በጃፓን ላይ ጦርነት አውጃ ከተባበሩት መንግሥታት ጎን ተሰለፈች። እነዚያ ሰዎች የት እንዳሉ የሚጠይቅ ባይኖርም፣ በወረቀት ላይ አሁን የጠላት አገር ዜጎች ነበሩ።

ከሽቦ አጥር ወደ ግንባር

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁምና ወደ ቤታችን አቅራቢያ እንይ፤ ከአጥር ወጥቶ ለወዳጅ ጦር መሰለፍ የናፖሊ ሰዎች ብቻ ዕጣ አልነበረምና።

በወረራው ዓመታት ወደ ኬንያ የተሰደዱ አርበኞችና ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያን ወታደሮች እንግሊዞች እጅ ወድቀው ነበር። እንግሊዝ ያኔ ሮማን ላለማስቀየም ትጠነቀቅ ስለነበር ስደተኞቹን መጀመሪያ ኢሲዮሎ፣ በኋላም ታቬታ በተባሉ ካምፖች አጠረቻቸው። ሰኔ 1932 ሲደርስ ግን ትናንት ያጠረቻቸው ሰዎች ዛሬ አስፈለጓት። ከታቬታ ስደተኞች ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ተቋቋመ፤ በሱዳን በኩል ከኦርዲ ዊንጌት ጌዴዎን ጦር ጋር ጎጃም ገባ። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ የለቀቀው፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው የጣሊያን ሠራዊት ወደ ደምበጫ ሲሸሽ መንገዱ ላይ ያገኘው ይህንን ሻለቃ ነው። ሻለቃው ክፉኛ ተጎዳ፤ የጣሊያኑም ጦር ሳይደማ አላለፈም።

የታቬታዎቹ ሰዎች ግን አንድ ዕድል ነበራቸው። የተዋጉት ለአገራቸው፣ በአገራቸው መሬት ነው፤ የሞተም በአገሩ አፈር ተቀበረ። የናፖሊዎቹ ይህ አልነበራቸውም።

ጷጉሜን 3

ናፖሊ በአውሮፕላን ቦምብ ስትነድ በ1935 ዓ.ም. ጸደይ ሰዎቹን ወደ ሰሜን አሻገሯቸው። የደረሱት ማርኬ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ማቼራታ አውራጃ፣ ትሬያ ከተማ አጠገብ ያለ ቪላ ስፓዳ የተባለ የመኳንንት ቤት ነው። ቤቱ ከዚያ በፊት የሴት እስረኞች ማጎሪያ ነበር። አካባቢው ኮረብታማ ነው፤ ወይን፣ ወይራና ስንዴ ይበቅልበታል፤ ከበላዩ ሳን ቪቺኖ የሚባል ተራራ ቁልቁል ያየዋል።

በዚያው ክረምት ዓለም ተገለበጠ። ሐምሌ 18 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወረደ። የተጋዘበት ደሴት ፖንዛ ነው፤ ያሳረፉትም ከጥቂት ዓመታት በፊት እሱ ራሱ ልዑል ራስ እምሩን ባሰረበት ቤት። ጷጉሜን 3 ቀን ደግሞ የኢጣሊያ መንግሥት ከተባበሩት ጦር ጋር የተኩስ ማቆም ስምምነት ማድረጉን አስታወቀ። ጀርመን ወዲያው አገሪቱን ያዘች። የጣሊያን ወታደር የደንብ ልብሱን እየጣለ ወደ ቤቱ ተበተነ። የእስረኛ ካምፕ በሮች ተከፈቱ ወይም ተሰበሩ፤ እንግሊዞች፣ ሩሶች፣ ዩጎዝላቮች ወደ ተራራ ወጡ።

በሳን ቪቺኖ ዙሪያ ከተሰባሰቡት ጭፍሮች አንዱን የሚመራው ማርዮ ዴፓንገር ይባላል። ዛሬ ስሎቬንያ ውስጥ ኮፐር በሚባለው የወደብ ከተማ የተወለደ፣ የፋሺስት ግዞት የቀመሰ ኮሚኒስት ነው። ጭፍራውን ሰዎች በመሪው ስም ጠሩት። የጣሊያን ፓርቲዛኖች፣ ማለትም የጫካ አርበኞቹ፣ ለእንዲህ ያለ ጭፍራ የሚሉትም ሌላ ቃል አልነበረም። «ባንዳ ማርዮ» አሉት።

የትሬያ ሰዎች ወሬው ሳይደርሳቸው አልቀረም። በመስከረምና በጥቅምት 1936 ዓ.ም. ጥቂቶቹ ከቪላ ስፓዳ ሾልከው ተራራ ወጡ። ጥቅምት ውስጥ ፓርቲዛኖቹ መሣሪያ ፍለጋ ቪላውን ወረሩ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ተከተሏቸው። ኢትዮጵያዊ፣ ኤርትራዊ፣ ሶማሌ፣ ከጣሊያን ገበሬ፣ ከሩስያ ምርኮኛና ከእንግሊዝ ወታደር ጋር በአንድ እሳት ዙሪያ ተቀመጠ። ከመሀላቸው አንዳንዶቹ የአስካሪ መለዮ ለብሰው የነበሩ ናቸው። እነሱ ናቸው በሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ጊዜ ባንዳ የሆኑት፤ መጀመሪያ በእኛ ትርጉም፣ ቀጥሎ በተራራው።

ማን አስገደዳቸው? ማንም። ቪላ ስፓዳ ሆኖ መጠበቅ ይቻል ነበር። ቆዳቸው ያጋልጣቸዋል፤ ነጩ ፓርቲዛን መሣሪያውን ጥሎ ገበሬ ሊመስል ይችላል፣ እነሱ ግን በዚያ ተራራ ሥር መደበቂያ መልክ የላቸውም። ከማንም በላይ አደጋውን የወሰዱት እነሱ ናቸው።

ካርሌቶ

ከእነሱ መሀል ስሙ ከመቃብር ጋር የቀረልን አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። የጣሊያን መዝገብ አባቡልጉ አባመጋል ይለዋል። ጓዶቹ ይህ ስም ሲከብዳቸው «ካርሌቶ» አሉት፤ ትንሹ ካርሎ እንደማለት ነው። ስሙ ግን ለእኛ አይከብደንም። በ«አባ» የሚጀምር ስም የጅማ ኦሮሞን ያስታውሳል፤ አባ መጋል የሚለው ደግሞ የጅማ ነገሥታትን የዘር ሐረግ ለሚያውቅ ጆሮ አዲስ አይደለም።

ኅዳር 14 ቀን 1936 ዓ.ም. በሳን ቪቺኖ ተራራ፣ ፍሮንታሌ በምትባል መንደር አቅራቢያ ከጀርመኖች ጋር ግጭት ተነሣ። አባቡልጉ እዚያ ወደቀ። ቪላ ስፓዳን ትቶ ተራራ ከወጣ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። ሳን ሴቬሪኖ ማርኬ በምትባለው ከተማ ተቀበረ። ከተማይቱ ነፃ የወጣችው እሱ ከሞተ ከሰባት ወራት በኋላ፣ ሰኔ 24 ቀን 1936 ነው።

ጣሊያን እነዚህን ሰዎች ለረጅም ጊዜ ረስታቸው ነበር። ማቴዎ ፔትራቺ የተባለ የታሪክ ተመራማሪ መዝገብ ለመዝገብ ሲዞር ከርሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ታሪካቸውን በመጽሐፍ አወጣው። ለጣሊያኖች አስደንጋጭ ነበር፤ እንደ ዕቃ ለትርኢት ያመጧቸው ሰዎች ኢጣሊያን ከፋሺዝም ነፃ ለማውጣት ሞተዋልና። ከእነዚህ ውጭ ሌሎች አልነበሩም ማለት አይደለም። ሶማሊያ ውስጥ የተወለደው ጆርጆ ማሪንኮላ በሰሜን ኢጣሊያ ሲዋጋ ሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ተገድሎ የኢጣሊያን ከፍተኛ የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል።

አብዲሳ

ሰባተኛ ላይ ቆመው «በጣሊያን አገር ከጣሊያን ጋር የተዋጋ ኢትዮጵያዊ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ግን የሚመለስልዎ አንድ ስም ነው። አብዲሳ አጋ።

ታሪኩን የማያውቅ የለም። የወለጋው ልጅ ገና በለጋ ዕድሜው ወታደር ይሆናል፤ ጣሊያን ይማርከውና በመርከብ ሲሲሊ ይወስደዋል። እስር ቤት ውስጥ ጁሊዮ ከሚባል ዩጎዝላቭ ሻምበል ጋር ይወዳጃል። የአልጋ ልብስ ቀዳደው ገመድ ሠርተው ያመልጣሉ። ጫካ ገብተው ሌሎች እስረኞችን ያስፈታሉ፤ ጭፍራቸው ይበዛል። ፋሺስቶች ባባበሉት ጊዜ እምቢ ይላል። በመጨረሻ ከተባበሩት ጦር ጋር ሲገናኝ የኢትዮጵያን ባንዲራ አስቀድሞ ሮማ ይገባል። ለአገሩ ሲበቃም በውትድርና እስከ ኮሎኔልነት ይደርሳል። እንዲህ ይተረካል፤ በመጽሐፍም ተጽፏል፤ ከአባት ወደ ልጅም ወርዷል።

የታሪክ ሰው የአብዲሳን ገድል በሚዛን ያያል። እኔን የሳበኝ ግን ተረኩ ከመዝገቡ ጋር የሚነካካበት ቦታ ነው። ዩጎዝላቭ ጓድ ሲባል ልብ ወለድ ይመስላል፤ ከጷጉሜን 3 በኋላ ግን የኢጣሊያ ተራሮች ከካምፕ ያመለጡ ዩጎዝላቮች የሞሉባቸው ነበሩ፤ የባንዳ ማርዮ መሪ ራሱ ከዚያው ወሰን የመጣ ነው። እስረኛ ማስፈታትና ከጠላት ጎተራ መሣሪያ መንጠቅ ሲባል ጀብዱ ይመስላል፤ የቪላ ስፓዳ ወረራ ግን በትክክል ይኸው ነው። ሮማ የወደቀችው ግንቦት 27 ቀን 1936 ነው፤ እስከዚያች ቀን አፍሪካውያን ፓርቲዛኖች ሳን ቪቺኖ ላይ ከርመዋል። አብዲሳ በተረክ የሚኖርበት ዓለም፣ አባቡልጉ በመዝገብ የሞተበት ዓለም ነው።

ሁለቱም ግን የጎደላቸው ነገር አለ። አብዲሳ ተራኪ አለው፤ ገድሉ ከሰነድ ይልቅ በአንደበት ይኖራል። አባቡልጉ ቀን፣ ቦታና መቃብር አለው፤ ተራኪ ግን የለውም። አገር የሚያስታውሰው ባንዲራ ይዞ የገባውን ነው። ከኮረብታው ሥር ባንዲራ ሳይኖረው የወደቀውን፣ ያውም አንዳንድ ጓዶቹ የጣሊያን መለዮ ለብሰው የነበሩትን፣ የት ያስቀምጠዋል? አርበኛ ነው እንዳይል በአገሩ አልተዋጋም፤ ባንዳ እንዳይል ፋሺስት ላይ ተኩሶ ሞቷል። ቃላችን ጠበበው። ስለጠበበው ነው ያልጠራነው።

መርዶ

ቡናው ሦስተኛው ደርሷል። ሁለቱ ልጆች ታርቀው ይሁን ወይም ኑሮ አስታርቋቸው ያንኑ አይሱዙ አብረው ያወርዳሉ። ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። ጣሊያን አገር ባንዳ ማለት አርበኛ የሚሆንበት ተራራ እንዳለ፣ ከዚያ ባንዳ ውስጥም አንድ የእኛ ሰው እንደተቀበረ።

«ማን ይባላል?»

«አባቡልጉ አባመጋል።»

«እንዲህ ከሆነማ የጅማ ሰው ነው» አሉ ሳያመነቱ። በሲኒያቸው ውስጥ ያለውን አተላ ዐየት አደረጉ። «መቼ ሞተ አልከኝ?»

«ኅዳር 14፣ በሠላሳ ስድስት።»

ዝም አሉ። እሳቸው ያደጉበት ዘመን ሰው በሩቅ አገር ሲሞት መርዶ ነጋሪ በሌሊት ተነሥቶ፣ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር የሚያንኳኳበት ዘመን ነው። መርዶ ያልተነገረለት ሞት ለቅሶ አይወጣለትም፤ ለቅሶ ያልወጣለትም ሰው ቤተሰቡ ልብ ውስጥ በመንገድ እንዳለ ይቀራል።

«ለቤተሰቡ ማን አረዳቸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አዛውንቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ የቡናውን ሒሳብ ሊከፍሉ ኪሳቸውን እየዳበሱ፣ ከአይሱዙው ጆንያ ወደሚያወርደው፣ ጠዋት ወደ ተሰደበው ልጅ ዞሩ።

«አንተ፣ አገርህ የት ነው?»

«ጅማ ነው አባባ» አለ ልጁ፣ ከጆንያው ሥር ቀና ለማለት እየሞከረ።

«ና ወዲህ» አሉት። «ሸክምህን አስቀምጥና ና። የምነግርህ አለኝ።»